ማሽኑ የሚቆጥረው ካሎሪ ለየትኛው ጉዳይ ይታመናል?

ትሬድሚል ላይ ግማሽ ሰዓት የተራመደ ሰው ከመውረዱ በፊት ስክሪኑን ያያል። ደቂቃው አለ፣ ኪሎ ሜትሩም አለ፤ የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው ግን ካሎሪው ላይ ነው። ልፋቱ ተተምኖ የሚነገረው እዚያ ይመስለዋል። አንዱ 300 አይቶ "ዛሬማ ሠርቻለሁ" ይልና ምሳው ላይ ይጨምራል። ሌላዋ 180 አይታ ቅር ይላትና ደክሟትም ቢሆን ተመልሳ ትወጣለች። በዚህ ቁጥር ምግብ ይመረጣል፣ የስፖርት ሰዓት ይረዝማል ወይም ያጥራል፣ አንዳንዴም ተስፋ ይቆረጣል። ይህን ያህል ነገር የሚወሰንበት ቁጥር ከየት እንደሚመጣና ለእውነቱ ምን ያህል እንደሚቀርብ ተጠቃሚው ሊያውቅ ይገባል።

በጉዳዩ ላይ ሁለት አቋሞች ይሰማሉ። አንደኛው ወገን ቁጥሩ የተጋነነ ነው፣ አምራቹ ደንበኛውን ለማስደሰት ያስቀመጠው ነው፣ ስለዚህ ፎጣ ጥሎበት መሥራት ይሻላል ይላል። ሌላኛው ወገን ደግሞ ቁጥር ከሌለ መሻሻል በምን ይታወቃል፣ ትንሽ ቢሳሳትም ጨርሶ ካለመለካት ይሻላል ብሎ ይሞግታል። እኔ ሁለቱንም መዝኜ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ማሽኑ ስለ ራሱ ሥራ ብዙ ያውቃል፣ በላዩ ላይ ስላለው ሰው ሰውነት ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ቁጥሩ ለአንዳንድ ጉዳይ በደንብ ይታመናል፣ ለሌላው ጨርሶ አይታመንም። ይህን ለመለየት ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ከማየት መጀመር አለብን።

ቁጥሩ እንዴት ይወጣል?

ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያቃጥለውን ካሎሪ በአስተማማኝ ሁኔታ ለማወቅ ትንፋሹን መለካት ያስፈልጋል። በቤተ ሙከራ ተመርማሪው አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ጭንብል አጥልቆ ይሮጣል። መሣሪያው ሰውነቱ የተጠቀመውን ኦክስጅንና ያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመዘግባል። ሰውነት 1 ሊትር ኦክስጅን ሲጠቀም 5 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፤ ሒሳቡ የሚነሳው ከዚህ ነው።

የጂም ማሽን ትንፋሽ አይለካም። ትሬድሚል የሚያውቀው ቤልቱ በምን ፍጥነት እንደሚዞር፣ ምን ያህል ዳገት እንደተሰጠውና ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ነው። ክብደታችንን የሚያውቀው ከነገርነው ብቻ ነው። እነዚህን ይዞ፣ ቀደም ሲል በቤተ ሙከራ ከተለኩ ሰዎች በተወሰደ ቀመር ያሰላል።

ከቀመሮቹ ሁሉ የታወቀው የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ያወጣው ነው። በዚህ ቀመር፣ በሜዳ ላይ የሚራመድ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለሚሄደው ለእያንዳንዱ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.1 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይጠቀማል። በዚያ ላይ ሰው ቁጭ ብሎም ቢሆን በደቂቃ በኪሎ የሚጠቀመው 3.5 ሚሊ ሊትር ይደመራል። እንግዲህ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር እየሄደ ግማሽ ሰዓት ቢራመድ 142 ካሎሪ ገደማ ይወጣለታል። ዳገቱን 5 በመቶ ቢያደርገው ያው ግማሽ ሰዓት 236 ይደርሳል። ሒሳቡ ንጹሕ ነው፤ ማንም በስልኩ ማስሊያ ሊደግመው ይችላል። ክርክሩ የሚነሳው ወደ ሒሳቡ በሚገቡት ነገሮች ላይ ነው።

የተጠራጣሪዎቹ ሙግት

የመጀመሪያው ጥያቄ ክብደት ነው። ብዙ ሰው ማሽኑ ላይ ወጥቶ "ጀምር" የሚለውን ይጫናል፤ ኪሎውን ስለሚጠይቀው ገጽ አይጨነቅም። ያን ጊዜ ማሽኑ አምራቹ የሰጠውን ክብደት ይወስዳል። ይህ ክብደት 70 ኪሎ ነው እንበል። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት ያንኑ የግማሽ ሰዓት ርምጃ ብትራመድ ስክሪኑ 142 ያሳያታል፤ በቀመሩ መሠረት የሚገባት ግን 111 ነው። 90 ኪሎ የሚመዝነውም ሰው ያንኑ 142 ያያል፤ የእሱ ግን 182 መሆን ነበረበት። ማሽኑ ለአንዷ አጋነነ፣ ከሌላው ቀነሰ። "ማሽን ሁልጊዜ ያጋንናል" የሚለው አባባልም እዚህ ላይ ሙሉ እውነት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ሁለተኛው የእጅ ነገር ነው። ዳገቱን ከፍ አድርጎ፣ የፊቱን መደገፊያ ብረት ጭምቅ አድርጎ ይዞ ወደ ኋላ ተንጋሎ የሚራመድ ሰው በየጂሙ ይታያል። ማሽኑ ዳገቱን ቆጥሮ 236 ይጽፋል። ሰውየው ግን ክብደቱን በከፊል ለክንዱ ሰጥቷል፤ ሰውነቱም ወደ ኋላ በማጋደሉ ከቤልቱ ጋር ያለው አቋም በሜዳ ላይ ከሚራመድ ሰው ብዙም አይለይም። ዳገቱ ስክሪኑ ላይ አለ፣ እግሩ ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል። ማሽኑ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ላቡ ጠብ እስኪል ደክሞ የሠራውም፣ ብረቱ ላይ የተንጠለጠለውም እኩል ቁጥር ይወስዳሉ።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ሶፋ ላይ ብንቀመጥም የምናቃጥለውን ይጨምራል። ከ142ቱ ውስጥ 37 ያህሉ የዚህ ድርሻ ነው፤ ርምጃው የጨመረው 105 ብቻ ነው። ለ55 ኪሎዋ ሴት ደግሞ እውነተኛው ጭማሪ 82 ገደማ ነው። እሷ ስክሪኑ ላይ 142 አይታለች። ከጂሙ ወጥታ 35 ግራም ስኳር ያለበት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብትጠጣ 140 ካሎሪ ነው። ቁጥሩን ካመነች ሒሳቡ ተዘጋ፤ ሰውነቷ ግን 58 ካሎሪ ተርፎታል። ክብደት ለመቀነስ ብለው ወራት የለፉ ሰዎች ሚዛኑ ንቅንቅ ሳይል ሲቀር አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ያላቃጠሉትን እየበሉት ነው።

አራተኛው፣ ሰው ከሰው መለያየቱ ነው። ቀመሩ ለሁሉም ሰው የሚሰጠው 3.5 ሚሊ ሊትር እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ የ769 ሰዎች ጥናት ተፈትኖ ነበር። የተገኘው አማካይ 2.6 ነው፤ የተለመደው ቁጥር ከዚህ በ35 በመቶ ይበልጣል። ዕድሜ፣ ፆታ፣ የጡንቻና የስብ መጠን ሁሉ ለውጥ ያመጣሉ። ሲሮጡ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በሩጫ ዓመታት ያሳለፈ ሰው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ከጀማሪው ያነሰ ኦክስጅን ይጠቀማል። ቀመሩ ሁለቱንም እኩል ይቆጥራቸዋል።

አምስተኛውና ትልቁ ቅሬታ ኤሊፕቲካል ማሽን ላይ ነው። የእርምጃው ርዝመት፣ የእጀታው እንቅስቃሴና የክብደቱ አሠራር ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የአሜሪካው ኮሌጅም ለርምጃ፣ ለሩጫና ለብስክሌት እንዳወጣው ያለ ቀመር ለኤሊፕቲካል የለውም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኝ ማዕከል ጉድ ሞርኒንግ አሜሪካ ለተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ባደረገው ፍተሻ ብስክሌቱ በ7 በመቶ፣ ደረጃ መውጫው በ12፣ ትሬድሚሉ በ13፣ ኤሊፕቲካሉ ደግሞ በ42 በመቶ አጋንነው ተገኝተዋል። ይህ የቴሌቪዥን ፍተሻ ነው፤ የሰፊ ጥናት ያህል አይመዝንም። የቅደም ተከተሉ ምክንያት ግን ግልጽ ነው፤ ማሽኑ የሚሠራውን ሥራ መለካት በቀለለ ቁጥር ግምቱም ወደ እውነቱ ይቀርባል።

የደጋፊዎቹ ሙግት

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ለቁጥሩ የሚቆመው ወገን ምን ይቀረዋል? ብዙ ነገር ይቀረዋል።

ብስክሌቱን እንውሰድ። ጥራት ያለው የጂም ብስክሌት ፔዳሉ ላይ ያረፈውን ጉልበት በዋት ይለካል። 100 ዋት ለግማሽ ሰዓት ማለት 180 ኪሎ ጁል ሥራ ነው፤ ወደ ካሎሪ ሲቀየር 43 ይሆናል። ሰውነት ከሚያቃጥለው ጉልበት ፔዳሉ ላይ የሚደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህል ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የተቃጠለው ከ172 እስከ 215 ባለው ውስጥ ነው። ክልሉ ጠባብ ነው። ብስክሌቱ ክብደታችንን ስለሚሸከምልንም ኪሎ አለማስገባት የሚያመጣው ስህተት ከትሬድሚሉ ያነሰ ነው። ይህን ቁጥር ውሸት ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

የመቅዘፊያ ማሽን የሚሠራው፣ በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት የሚገኘው ኮንሴፕት ቱ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ነው። ኩባንያው ካሎሪውን በምን እንደሚያሰላ ለሕዝብ ገልጿል። ማሽኑ ተጠቃሚውን 175 ፓውንድ፣ ማለትም 79 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው አድርጎ ይወስደዋል፤ ሰውነትን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለማመላለስ ብቻ በሰዓት 300 ካሎሪ ይመድባል፤ በዚያ ላይ የዋቱን አራት እጥፍ ወደ ካሎሪ ቀይሮ ይደምራል። በ100 ዋት ግማሽ ሰዓት የቀዘፈ ሰው 322 ያያል። 55 ኪሎ የሚመዝን ሰው በኩባንያው ማስተካከያ ቢያሰላው 276 ያገኛል። ስህተቱ አለ፣ ግን ልኩ ይታወቃል። ልኩ የታወቀ ስህተት ተቀንሶ ይሠራበታል። ሌሎችም አምራቾች እንዲህ ቢያደርጉ የዚህ ክርክር ግማሹ ባልኖረ ነበር።

በተጠራጣሪዎቹ ሙግት ውስጥም በልኩ መያዝ ያለበት አለ። ያ የ35 በመቶ ልዩነት ሲሰሙት ያስደነግጣል። ነገር ግን የሚነካው የዕረፍቱን ድርሻ ብቻ ነው፤ 3.5ን በ2.6 ብንተካ የ70 ኪሎው ሰው 142 ወደ 132 ይወርዳል። ለዚያ ሲባል ማሽኑን መርገም አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚጠነክረው የደጋፊዎቹ ሙግት ግን ወጥነት ነው። ኪሎው ሁልጊዜ በ5 ግራም የሚሳሳት ሚዛን ለነጋዴ አይሆንም፤ ዱቄቱ ካለፈው ሳምንት ጨመረ ወይስ ቀነሰ ለሚለው ግን በቂ ነው። ትሬድሚሉም እንዲሁ ነው። በአንድ ማሽን፣ በአንድ ዓይነት አያያዝ ባለፈው ወር በ30 ደቂቃ 142 ያየ ሰው ዛሬ በዚያው 30 ደቂቃ 170 ካየ ክብደቱ እስካልተለወጠ ድረስ ብርታቱ ጨምሯል። ትክክለኛው 120 ይሁን 150 ለዚህ ፍርድ ለውጥ አያመጣም። ጂም ለመልመድ የሚታገል ሰው ደግሞ ዛሬ ከትናንት መሻሉን በዓይኑ ማየቱ ነገም እንዲመጣ ያደርገዋል። ይህን ጥቅም አቃልሎ ማየት አይገባም።

ደግሞስ ከማሽኑ የተሻለ ምን አለ? ብዙዎች "የእጄ ሰዓት ይሻላል" ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ60 ፈቃደኞች ላይ 7 ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን ፈትሸው ነበር። ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ለኩ። ካሎሪ ላይ ሲመጡ ግን አንደኛ የወጣው በአማካይ 27 በመቶ፣ መጨረሻ የሆነው 93 በመቶ ተሳሳቱ። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለው ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ውድ ሰዓት ማሰር ትክክለኛ ካሎሪ ማግኘት እንዳልሆነ ጥናቱ በግልጽ አሳይቷል።

የምግቡም ወገን ቢሆን ከስህተት የጸዳ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በታሸገ ምግብ ላይ ከተጻፈው ካሎሪ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ብልጫ ቢገኝ እንደ ጥሰት አይቆጥረውም። እኛ ዘንድ ደግሞ ከአንድ ትሪ በጋራ ለሚበላ እንጀራና ወጥ ማን ካሎሪ ይቆጥራል? የሚበላው በግምት እየተቆጠረ፣ የሚቃጠለው ብቻ በትክክል ካልተቆጠረ ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

ከፍታና ጾም

በአዲስ አበባ ጂሞች ሊነሱ የሚችሉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው የከፍታ ነው። የከተማዋ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የለመደውን ርምጃ ሲራመድ ልቡ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። በዚያው ፍጥነት የሚጠቀመው ኦክስጅን ግን ከቆላው ብዙም አይለይም። ስለዚህ ካሎሪን ከልብ ምት የሚገምት ሰዓት እዚህ አጋንኖ ሊቆጥርለት ይችላል፤ በፍጥነትና በክብደት የሚያሰላው ተራው ትሬድሚል ግን በከፍታው ምክንያት አይሳሳትም። እዚህ ላይ ስለ ሰውነታችን ጥቂት የሚያውቀው ማሽን ከብዙ አዋቂው ሰዓት ይበልጣል።

ሁለተኛው የጾም ነው። በባዶ ሆድ የሚሠራ ሰው ማሽኑ ካሳየው በላይ አቃጥያለሁ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሰውነት 1 ሊትር ኦክስጅን ተጠቅሞ ስብ ሲያቃጥል 4.7፣ ካርቦሃይድሬት ሲያቃጥል 5 ካሎሪ ገደማ ያገኛል። ልዩነቱ ከ7 በመቶ አይበልጥም፤ ያውም የሚያደላው ወደ ማነስ ነው። ጾመኛ በባዶ ሆድ መሥራት ቢመቸው ይሥራ፤ ለካሎሪው ቁጥር ሲል ግን ራሱን ማስጨነቅ የለበትም።

ፍርዱ

ሁለቱን ወገን ሳስተያይ ልዩነታቸው ቁጥሩን ለምን እንደሚፈልጉት ካለመለየት የመጣ ይመስለኛል። ደጋፊው የሚፈልገው ትናንትንና ዛሬን ለማወዳደር ነው፤ ለዚያ ቁጥሩ በእርግጥ ይበቃል። ተጠራጣሪው የሚፈራው ቁጥሩ ወደ ማዕድ ተይዞ እንዳይሄድ ነው፤ ፍርሃቱም ትክክል ነው። "ይህን ያህል ስላቃጠልኩ ይህን ያህል ልብላ" ለሚለው ሒሳብ የጂም ማሽን አልተሠራም። ከ30 እስከ 60 ካሎሪ የሚደርስ ስህተት ለአንድ ቀን ምንም አይደለም፤ በየቀኑ ምግብ ሆኖ ሲተካ ግን ወራት የፈጀውን ልፋት ይበላዋል።

ስለዚህ ቁጥሩን ለመጠቀም የወሰነ ሰው እነዚህን ቢያደርግ ይጠቀማል። ከመጀመሩ በፊት ኪሎውን ያስገባ። ዳገት ላይ እጁን ከብረቱ ያንሳ፤ ሚዛን የሚያስቸግረው ከሆነ ዳገቱን ይቀንስ እንጂ አይንጠልጠል። ውጤቱን ከሌላ ሰው፣ ከሌላ ማሽን ወይም ከሌላ ጂም ጋር አያወዳድር። ለክብደት መቀነስ ሲያስብ የዕረፍቱን ድርሻ ይቀንስ፤ በሜዳ ላይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ርምጃ ይህ ከጠቅላላው ሩብ ያህል ይሆናል። የኤሊፕቲካሉን ቁጥር ከሁሉ አሳንሶ ይመነው። የስኳር ሕመም ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ መድኃኒቱንም ምግቡንም በዚህ ቁጥር አያስተካክል፤ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ቁጥሩ የሚያስጨንቀው፣ ካላሟላ እንቅልፍ የሚነሳው፣ ምግብ በበላ ቁጥር ማሽኑ ላይ ቅጣት መክፈል ያለበት የሚመስለው ሰው ግን ፎጣውን ይጣልበት። ለእሱ የተጠራጣሪዎቹ ምክር የተሻለ ነው። የሚቆጥረው ነገር ከፈለገ ደቂቃ ይቁጠር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ደቂቃን ማሽኑ አይሳሳትም።

የጂም ባለቤቶችና አሰልጣኞችም ድርሻ አላችሁ። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ማሽኑን ከማብራት አልፋችሁ ኪሎውን የት እንደሚያስገባ አሳዩት፤ ብረቱ ላይ ሲንጠለጠል ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ግምት መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። ይህን ለመንገር አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ደንበኛውም ልፋቱን በትክክል እንዲያውቅ ያደርገዋል።